ስለ ሴት ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ምን እንጠይቅ?

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት፣ ረቂቁን ሁላችሁም አይታችሁታል። ቅር ያለኝን ልናገር። “ሴቶችን ማበረታታት” የሚለው በየገጹ አለ፤ ደንብ ይቀየር የሚል ግን የትም የለም። ሴት ተማሪዎች እየገቡ ነው፣ እየተመረቁም ነው። ዶክትሬቱና ምርምሩ ጋ ሲደረስ ነው ቁጥራቸው የሚሳሳው። ዩኔስኮ እንደሚለው በዓለም ካሉት ተመራማሪዎች ሴቶች ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ ሌላ የማነቃቂያ ሥልጠና ምን ይጨምራል?

የፊዚክስ አባል፦ እስማማለሁ። የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ስም ተሸፍኖ ይገምገም። ሀብል የተባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ የመጠቀሚያ ጊዜ ለተመራማሪዎች የሚያከፋፍሉት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ አደረጉ፤ ለዓመታት የወንዶች የማለፍ ዕድል ይበልጥ ነበር፣ በዚያ ዙር ግን ሴቶች የመሯቸው ማመልከቻዎች የማለፍ ዕድል በጥቂቱ በለጠ። ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ጥቂት ሰው ባለበት ዘርፍ ስም ቢሸፈንም ሥራው ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። ለእኔ የሚብሰው የጊዜ ገደቡ ነው። ዶክትሬት ከጨረሳችሁ በኋላ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ካላመለከታችሁ አይሆንም ይባላል፣ እነዚያ ዓመታት ደግሞ ብዙዎቻችን የምንወልድባቸው ናቸው። እኔ እርጉዝ ሆኜ፣ ኬሚካል ስላለ ላብራቶሪ መግባት ሳልችል፣ ማራዘሚያ ስጠይቅ “አማካሪሽን አስፈቅጂ” ተባልኩ። የሰው ፈቃድ ሆነ ማለት ነው! የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪ እናት ለእያንዳንዱ ልጅ 18 ወር ይጨምራል፣ መመሪያው ላይ ተጽፎ። እኛም እንደዚያ የተጻፈ ነገር እንጠይቅ።

አስተባባሪ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ይሄ አንደኛ ይግባ፣ ስም መሸፈኑ ይከተል። ፕሮፌሰር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ልጆች፣ የጽሑፍ ባለቤትነትን አትርሱ። ጆስሊን ቤል በርኔል እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን ፐልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ በየተወሰነ ጊዜ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ፣ ስታገኝ ተማሪ ነበረች፤ በ1974 የኖቤል ሽልማቱ ለአማካሪዋና ለሌላ ባልደረባው ተሰጠ። በ2018 ሌላ ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገኝላት፣ ገንዘቡን በፊዚክስ ዘርፍ ዕድል ላላገኙ የዶክትሬት ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አደረገችው። በየላብራቶሪው ማንም ስማቸውን የማያውቀው እንደ እሷ ያሉ ተማሪዎች አሉ። ማን ምን እንደሚሠራና ስሙ የት እንደሚገባ ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ይፈረም። ለወንድ ተማሪዎችም ይጠቅማል።

የፊዚክስ አባል፦ በጣም! እኔ እጽፈዋለሁ።

የዶክትሬት ተማሪ፦ የትንኮሳ አቤቱታም ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ይታይ። አሁን የሚሰማው የክፍሉ ኃላፊ ነው፣ ነገ ፈተናዬን የሚያርመውም እሱ።

አስተባባሪ፦ ይግባ። ይሄን አንቀጽ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይሻላል። ከመካከላችን ማን ይችላል?