የቅንጦት ዕቃ ላይ ልዩ ግብር ይጣል? ክርክሩ ክፍት ነው

ሰሎሞን፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 መጀመሪያ ጀምሮ በቅንጦት ዕቃ ላይ 10 በመቶ ልዩ ግብር ጥላ ነበር። ከ30 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ መኪና፣ ከ100 ሺህ በላይ የሆነ ጀልባ፣ ከ10 ሺህ በላይ የሆነ ጌጣጌጥና ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ካፖርት ይመለከታል፤ የሚሰላው ከጣሪያው በሚያልፈው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በ1993 ከመኪናው በቀር ተሰረዘ፣ የመኪናውም በ2002 መጨረሻ አበቃ። እኔ መሰረዙ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ለታይታ የሚወጣ ገንዘብ ካልተቀረጠ ምኑ ይቀረጥ? እስቲ ሞግቱኝ።

ሄኖክ፦ ሀብታሙማ ምን ሆነ? ጀልባውን ተወው፣ ወይ ያገለገለ ገዛ፤ ግብሩ አዲስ ላይ ብቻ ነበራ! ኮንግረስ ደጃፍ ሄደው የጮኹት ጀልባ ሠሪዎቹ ናቸው። ሥራ የፈታው ሮድ አይላንድና ፍሎሪዳ ውስጥ እንጨት የሚልገው፣ ቀለም የሚቀባው ሰውዬ ነው።

ሰሎሞን፦ ያኔ እኮ ኢኮኖሚው ራሱ ወድቆ ነበር። ከ1990 አጋማሽ እስከ 91 መጋቢት ድረስ ጀልባ ቀርቶ ቤትም የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። ሁሉን ግብሩ ላይ አታላክክ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ሁሉን አላልኩም። ግን በወደቀ ሰው ላይ ድንጋይ መጨመር ምን ይባላል?

ማህሌት፦ ሁለታችሁም ጀልባ ላይ ቀራችሁ፤ ነገሩ የክብር ነው። የኖርዌይ ስደተኞች ልጅ የሆነው ኢኮኖሚስት ቶርስታይን ቬብለን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ አፍረጥርጦታል። ባለጸጋ ሀብት ስላለው ብቻ አይከበርም፤ ማባከን እንደሚችል መታየት አለበት። እሱ በጻፈበት ዘመን ቫንደርቢልቶች፣ በባቡር ሐዲድ የከበሩት ቤተሰብ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ኒውፖርት ላይ ዘ ብሬከርስ የሚባል 70 ክፍል ያለው የበጋ ቤት ነበራቸው፤ በ1895 ነው ያለቀው። የዚያ ሰፈር ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት ምን ይሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? ጎጆ! (የኛ ጎጆ ይህን ቢሰማ ክዳኑን ይጥል ነበር።) እንግዲህ ውድነቱን ብሎ ለሚገዛ ሰው 10 በመቶ ቢጨመርበት ምን ይጎዳዋል? ጉራው ላይ ጉራ ነው። ለዚህ ነው ሰሎሞንን የምደግፈው፣ እስከዚህ ድረስ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔ ዋሽንግተን ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ የምታብረቀርቅ የጀርመን መኪና ቁልፍ እየሰጠኝ «ቀስ አርጋት፣ የእኔ አይደለችም፣ የባንክ ናት» ይለኝ ነበር። ደጉ ሰውዬ! ለመታየት የሚያንጠራራው መካከለኛው ነው። የ30 ሺህ ዶላሩ መኪና ግብር እሱን ነው የሚይዘው፣ ባለ ብዙ ሚሊዮኑ አይሰማውም።

ሰሎሞን፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፤ የመኪናውን ጣሪያ ከፍ እናድርገው። ሐሳቡ ግን አይወድቅም።

ማህሌት፦ አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልበል፣ አትሳቁብኝ። ዛሬ አንጋፋው ሀብታም ምልክት ያለው ቦርሳ እንኳን አይዝም፤ ያንን አዲሱ ሀብታም ይያዘው ብሎታል። ክብሩን ወደ ትምህርት ቤት አዙሮታል። የግል ትምህርት ቤት፣ አስጠኚ፣ ከዚያ አባቱ የተማረበት ኮሌጅ ልጁን ቅድሚያ ሰጥቶ ይቀበለዋል። ሜሪላንድ ይህን ቅድሚያ በ2024 በሕግ የከለከለችው ለምን ይመስላችኋል? ጀልባ ቢሰምጥ ቀረ ነው፤ ይሄኛው ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ሰሎሞን፣ ያንተ ግብር ይህን በምን ይይዘዋል?

ሰሎሞን፦ ከፍ ያለ የትምህርት ክፍያ ላይም ይጣላ!

ሄኖክ፦ በለው! ሰውዬው ማቆሚያ የለውም።

ጋሽ ታደሰ፦ ሰሎሞን፣ እዚያ ላይ እንጣላለን። ሁለቱን ልጆቼን በብድር ነው የማስተምረው፤ ጣሪያህን ስንት ላይ እንደምታደርገው አስቀድመህ ንገረኝ።