ሄንሪ በአገሩ ያልተወደደው በእጁ ምክንያት ነው?

መድፈኛው፦ እስቲ ተከራከሩኝ። ቲየሪ ሄንሪ ለአርሴናል 228 ጎል አገባ፤ ክለቡም በ2011 ስታዲየሙ ደጅ ሐውልት አቆመለት። ለፈረንሳይ 51 አግብቶ ግን አገሩ ውስጥ የዚዳንን ሩብ ያህል ፍቅር አላገኘም። ሰው ሁሉ አየርላንድ ላይ በእጁ የነካትን ኳስ ያነሳል። እኔ ሰበቧ እሷ አይደለችም ባይ ነኝ።

የማንቼው ልጅ፦ እሷ ናት እንጂ! ኖቬምበር 2009፣ ስታድ ደ ፍራንስ፣ ለዓለም ዋንጫ የሚያልፈው የሚለይበት የመልስ ጨዋታ፣ ያውም በጭማሪ ሰዓት። ኳሷ ልትወጣ ስትል በግራ እጁ አንዴም ሁለቴም ነክቶ አስቀራትና ለቡድን ጓዱ ለጋላስ አሻገረ፤ ጋላስ በቴስታ ከተታት። አየርላንዶች ቀሩ። ዳኛው ብቻ ነው ያላየው።

መድፈኛው፦ ቆይ፣ በዚያ ጎል ያለፈችው ፈረንሳይ አይደለችም? አየርላንዳዊ ቢጠላው ይገባኛል፤ ፈረንሳዊ ምን ቤት ነው? ደግሞ ሄንሪ ራሱ ጨዋታው ቢደገም ነው ፍትሕ ብሏል።

የማንቼው ልጅ፦ አዎ፣ ፊፋ አይደገምም ካለ በኋላ! እንዲያማ እኔም እላለሁ።

መድፈኛው፦ እሺ ዚዳንስ? 2006 በርሊን ላይ፣ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ማቴራዚን ደረቱ ላይ በቴስታ አላለውም? በቀይ ወጣ፣ ዋንጫው ለጣሊያን ሄደ። ማን ጠላው?

ከሊዮን፦ እዚህ ፈረንሳይ ስኖር የታዘብኩትን ልበል። ነገሩ ከ2009 በፊት ይጀምራል። ሄንሪ በፈረንሳይ ሊግ የተጫወተው ለሞናኮ ብቻ ነው፤ ስታዲየሙ እንኳ የማይሞላ ክለብ። በ21 ዓመቱ ዩቬንቱስ ገባ፣ በዚያው ዓመት አርሴናል። ከግራ መስመር ወደ ውስጥ ቆርጦ፣ በቀኝ እግሩ ውስጠኛ ጎን ሩቁ ቋሚ ሥር የሚያስቀምጣትን ጎል በየሳምንቱ ያየው እንግሊዝ ነው፤ አገር ቤትም እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን። ፈረንሳዮች የሚያገኙት በብሔራዊ ቡድን ነበር፣ እዚያ ደግሞ ቤቱ የዚዳን ነው። በ1998 ለፈረንሳይ ብዙ ያገባው ሄንሪ ነው፣ 3 ጎል። ፍጻሜው ላይ ግን ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳም፤ ዚዳን 2 አገባ። ከዚያ ወዲያ ማን የማንን ስም ይጠራል?

ማኪ፦ ዚዳን አቀብሎት ሄንሪ ያገባት እኮ አንዲት ናት፣ 2006 ብራዚል ላይ። ኪኪኪ

ከሊዮን፦ ክኒስናንም አትርሱ፣ የፈረንሳይ ቡድን ያረፈባትን ከተማ። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ተጫዋቾቹ አጥቂው አኔልካ ከቡድኑ ለምን ተባረረ ብለው ልምምድ እምቢ አሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጡ። ሄንሪ አንጋፋው ነበር፤ ዝም አለ። አገሩ እንደገባ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት ሄዶ የያኔውን ፕሬዚዳንት ሳርኮዚን አነጋገረ። እኔ የምሰማው ቅሬታ በዚያ ዝምታ ላይ ነው እንጂ በእጁ ላይ አይደለም።

የማንቼው ልጅ፦ ደቡብ አፍሪካ የገቡት በምን ሆነና? በእጁ!

መድፈኛው፦ ይቺንስ ወሰድካት። የዚዳኑን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።