ቪ-ስትሮም 650፦ የካቴና ፉጨት ባለ ጎማ ፒኞን ሲገባ ይጠፋል ወይ?

ሐረጎ_ወራጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ነው፣ በፈረንጆች የ2008 ሥሪት። የሚነዳው በአብዛኛው ደሴ–ኮምቦልቻ ነው፣ አልፎ አልፎ እስከ ባቲና ከሚሴ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ የጎን ሣጥኖቹ ተጭነው።

ካቴናው፣ ፒኞኑ (ከፊት ያለው ትንሹ ባለ ጥርስ) እና ኮሮናው (ከኋላ ጎማ ላይ ያለው ትልቁ) በቅርቡ አንድ ላይ ተቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ ከ60 እስከ 90 ባለው ፍጥነት ከግራ እግር ሥር የማያቋርጥ ፉጨት አለ። ሐረጎን፣ የደሴ–ኮምቦልቻውን ቁልቁለት፣ ሲወርድ ደግሞ ጋዝ በተለቀቀ ቁጥር ሌላ የሚያንኳኳ ድምፅ ይጨመርበታል። የወጣው ፒኞን በሁለቱም ጎኑ ጥቁር ጎማ የተጣበቀበት ነበር፤ የገባው ሙሉ ብረት ነው። ጥርሱ እኩል ነው፣ 15።

ጥያቄዎቼ፦ ባለ ጎማውን ከውጭ ባስመጣ ለውጡ ለገንዘቡ ይበቃል? «16 ጥርስ አስገባ፣ ዝም ይላል» የሚሉም አሉ፣ እውነት ነው? ደግሞስ አሁን ያለው ብረት ላይ ጎማ በኮላ ማስለጠፍ አይቻልም? መካኒኩ ካቴናውን ጠበቅ አድርጎ «ሲላላ ይስተካከላል» ብሏል።

ጦሳ_ጥግ

ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ግማሹ መልስ እዚያ ነው። ካቴና ጠበቅ ተደርጎ «ሲላላ ይስተካከላል» አይባልም። የተወጠረ ካቴና ያፏጫል። ዕቃ ሲጫንና ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጠራል፣ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ካቴናው ብቻ ሳይሆን የካምቢዮው መውጫ ኩሽኔታ ነው። ያን ለመቀየር ሞተር መክፈት ነው።

የዚህ ሞተር ልክ በጎን መቆሚያው ላይ ቆሞ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በታችኛው መስመር፣ በፒኞኑና በኮሮናው መካከል፣ በጣት ወደ ታችና ወደ ላይ ስትገፋው ጠቅላላ የሚሄደውን ትለካለህ። አንድ ቦታ ብቻ አትለካ። ጎማውን እያዞርክ አራት አምስት ቦታ ለካና በጣም የተወጠረውን ቦታ ያዝ፤ እሱ ነው ከ20 በታች መሆን የሌለበት። ሣጥን ጭኖ ለሚሄድ ሰው ወደ 30 ማስጠጋት ይሻላል። ትንሽ የላላ ካቴና ቢያንኳኳ ነው፣ የጠበቀው ግን ይሰብራል።

ቀጥሎ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለይ። ሐረጎ ላይ አትሞክረው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ መንከባለል አደጋ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ያለው ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን፣ 70 ላይ ፍሪሲዮኑን ያዝና የሞተሩ ዙር ይውረድ። ፉጨቱ ከሞተሩ ጋር ሳይወርድ ከጎማው ፍጥነት ጋር ብቻ ከቀነሰ፣ ካቴና፣ ፒኞን፣ ኮሮና ወይም የኋላ ኩሽኔታ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ ከወረደ ውስጥ ፈልግ። ቆመህ ዜሮ ማርሽ ላይ የሚንኮሻኮሽና ፍሪሲዮን ስትይዝ ጸጥ የሚል ድምፅ ካለ ግን የፍሪሲዮኑ ባስኬት ነው፤ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው፣ ፒኞን አያድነውም።

ከዚያ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሳ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና በእጅ አዙር። ቀጭ የሚል ነገር ካለ ቁጠረው። በጎማው አንድ ዙር አንድ ጊዜ ከሆነ ጎማው፣ ኩሽኔታው ወይም ኮሮናው ነው። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ያህል ከሆነ ፒኞኑ ነው (የኮሮናው 47 ጥርስ ለፒኞኑ 15 ሲካፈል 3 ከምናምን)። ጎማው ሁለት ዙር ተኩል ያህል ሲሄድ አንድ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ካቴናው ራሱ ላይ የሚያዝ ቀለበት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲጋጠም ከልክ በላይ የተጨመቀው መጋጠሚያ ነው።

ቦርከና_525

የፉጨቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፋብሪካው ያን ጎማ ለጌጥ አልለጠፈውም። የካቴናው ሮለር ጥርሱ ሥር ሲገባ ብረት ለብረት ይመታል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ባለ 47 ኮሮና በሴኮንድ 500 ጊዜ ያህል ቀለበት ይቀበላል፣ ፒኞኑም ያንኑ ያህል፤ ፉጨት የምትለው ያ ድምፅ ነው። ጎማው ሲኖር የካቴናው የጎን ላሜራ ሮለሩ ሳይመታ በፊት ጎማው ላይ ያርፋል፣ ምቱን ይውጠዋል። ኃይል የሚያስተላልፈው ያው ብረቱ ጥርስ ነው፤ ጎማው አረፋፉን ነው የሚያለሰልሰው።

ስለዚህ አዎ፣ ባለ ጎማው ለገንዘቡ ይበቃል፣ ግን የሚጠፋው ፉጨቱ እንጂ የሐረጎ ቁልቁለት ማንኳኳቱ አይደለም። ያ ሌላ ነው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ከሱዙኪ ውጭ ጄቲ የተባለው አምራች ለብዙ ሞተሮች ባለ ጎማ ፒኞን ይሠራል፣ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «አርቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉት። እነዚያ ፊደላት ከሌሉ የምታገኘው ያንኑ አሁን ያለህን ሙሉ ብረት ነው። ስታዝዝ የሞተሩን ዓመት ጻፍ።

በኮላ ማስለጠፍን እርሳው። የፋብሪካው ጎማ በሙቀትና በግፊት ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ነው። በኮላ የተለጠፈ ነገር ዘይትና ሙቀት ሲያገኘው ይላቀቅና ካቴናው ሥር ይገባል። ፒኞን ክዳን ውስጥ የተቀረቀረ ቁራጭ የኋላውን ጎማ ይቆልፋል ወይም ካቴናውን ያዘልላል።

አገጣጠሙ፦ ጎማውን ሳታወርድ፣ ካቴናው እንደተያያዘ፣ የፒኞኑን ክዳን ክፈት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የፍሪሲዮኑ መግፊያ ያለው እዚያው ክዳን ላይ ነው፣ ከኋላው የሚገፋው ቀጭን ዘንግ ወደ ሞተሩ ይገባል። ክዳኑ በወረደበት ፍሪሲዮን አትጨብጥ፣ ዘንጉንም ጎትተህ አታውጣ፤ ከወጣ ዘይት ይፈሳል። ክዳኑ ከወረደ ዘንድ መግፊያውን ጥረግና ግራሶ ቀባው፣ ፍሪሲዮኑ ይለሰልሳል። በዚህ ሥሪት የፍጥነት ሴንሰሩ የሚያነበውም እዚያው ፒኞኑ ላይ ነው፤ ሽቦውን አትጎትት፣ ከዳዶው በፊት የሴንሰሩን ክፍል አውርድ።

ከዚያ የታጠፈውን ሮንዴላ በመሮ አቃና፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥልህ፣ ዳዶውን ፍታ። ካቴናው ከወረደ በኋላ ልፍታው ብትል መያዣ አታገኝም፣ ካቻቢቴ ጥርሱ መሐል መሰካት ይመጣል፣ እሱም ጥርስ ይሰብራል። ዳዶው ከላላ በኋላ የኋላውን ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ፈትተህ ጎማውን ወደ ፊት ግፋ፣ ካቴናውን ከኮሮናው አውርድ፣ ፒኞኑ ይወጣል። ሮንዴላው አዲስ ይሁን፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ሮንዴላ ይሰነጠቃል። ዳዶውን በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰር፣ በመዶሻ እየመቱ ማጥበቅ አይሆንም።

ካቴናው አዲስ ነው ብለሃል፣ ቢሆንም ለካው። 21 ፒን ቁጠርና ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል ለካ፣ ካቴናው ተወጥሮ። አዲስ 317.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 319.4 ካለፈ አብቅቷል። ያለቀ ካቴና ላይ አዲስ ፒኞን ብታስገባ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበላዋል።

ባለቶርኖ_ኮምቦልቻ

የካቴናው ላሜራ ላይ የተጻፈውን የልክ ቁጥር ደግሞ እይ። 525 ነው መሆን ያለበት። እኛ ገበያ የሚበዛው የትንንሽ ሞተሮች 428 ነው፣ ያ በጭራሽ አይገባም። የሚያታልለው 530 ነው፣ የቀለበቱ ርዝመት ከ525 ጋር አንድ ስለሆነ ይገባል። ግን ውስጡ 9.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የ525 ውስጥ 7.9 ነው። ወደ ጎን እየተጫወተ ያጓራል፣ ባለ ጎማ ፒኞን ብታስገባለትም ላሜራው ጎማው ላይ በትክክል አያርፍም። 520 ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ጥርሱ ላይ አይቀመጥም።

እንዲሁም ፒኞን በቶርኖ አስቆርጥ የሚል ምክር ከመጣልህ አትስማ። ቅርጹ ይወጣል፣ የጠነከረ የላይ ገጽ ግን አይኖረውም፤ ያልጠነከረ ብረት ቶሎ ይበላል። ቶርኖ ቤት ኩሽኔታ ለማስወጣትና ቡሽ ለመሥራት ነው።

ጦሳ_ጥግ

ስለ 16 ጥርስ። ጎማው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር ኮሮናው 47 ከሆነ በሴኮንድ የሚያልፈው ቀለበት ቁጥር አይለወጥም፣ ፊት ለፊት 14 ይሁን 16። ስለዚህ የፉጨቱ ቃና ያው ነው። የሚቀንሰው ካቴናው ፒኞኑ ላይ ሲጠመጠም የሚያደርገው መንቀጥቀጥ ነው፤ ክብ ሳይሆን ባለ ብዙ ጎን ነገር ላይ ነውና የሚጠመጠመው። ባለ 15 ላይ የካቴናው ፍጥነት 2.2 በመቶ ያህል ይዋዥቃል፣ ባለ 16 ላይ 1.9፣ ባለ 14 ላይ 2.5። ልዩነቱ አለ፣ ግን ጎማው የሚያደርገውን አያህልም።

የምትከፍለው ዋጋ ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል። ኢንጀክሽኑ ቤንዚኑን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም። በዚያ ላይ 16 ብታስገባ ሣጥን ጭነህ ሐረጎን ስትወጣ ከሲኖትራክ ኋላ ማርሽ ስትቀያይር ትውላለህ። 15 ላይ ቆይ።

ሐረጎ_ወራጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ በጣም የተወጠረው ቦታ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው 525 ነው፣ ርዝመቱም አዲስ ነው። ፍሪሲዮን ይዤ ፉጨቱ አልወረደም። ካቴናውን አውርጄ ኮሮናውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ ስወዘውዘው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ አንድ ጣት ያህል ይሄዳል።

ቦርከና_525

ማንኳኳቱ ተገኘ። በኋላ ቸርኬ ውስጥ ኮሮናውን የሚይዙት ዳምፐር ጎማዎች ደርቀዋል። በጋዝ ስትሄድ የካቴናው የላይኛው መስመር ነው የሚወጠረው፣ ዳምፐሮቹም በአንድ በኩል ይጨመቃሉ። ሐረጎን በማርሽ ይዘህ ስትወርድ ጎማው ሞተሩን ይጎትታል፣ የታችኛው መስመር ይወጠራል፣ የላይኛው ይላላል፣ ኮሮናው በተቃራኒው በኩል ወዳለው ዳምፐር ይወረወራል። በመሐል ያለው ክፍተት ነው የሚንኳኳው። እዚህ አካባቢ የሚነዳ ሞተር መውጣትና መውረዱ እኩል ስለሆነ ዳምፐሩ በሁለቱም በኩል ያልቃል።

ትክክለኛው ሙሉ ስብስቡን መቀየር ነው፣ ከፒኞኑ ጋር አብረህ እዘዘው። እስኪመጣ ድረስ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ክፍተቱ ባለበት በኩል ማስገባት ይሠራል፣ ግን ክፍተቱን እስኪሞላ ብቻ፤ በመዶሻ እየተመታ ከገባ ዳምፐርነቱ ቀርቷል፣ ምቱ በቀጥታ ካምቢዮ ይደርሳል። ሲገጥም የሳሙና ውሃ ቀባ እንጂ ዘይት ወይም ግራሶ አይነካው።

ቸርኬው ከወረደ አይቀር የኮሮናውን መያዣ ኩሽኔታ በጣት አዙረው። ሻካራ ከሆነ ወይም ካጉረመረመ ቀይረው። ቁጥሩ ፊቱ ላይ አለ፣ ይዘህ ሂድና ሁለቱም ጎን በላስቲክ የተዘጋውን ጠይቅ። አንዱ ጎን ክፍት የሆነውን አትቀበል፣ የቦርከና ዳር ጭቃ አንድ ክረምት አያስከርመውም። በስዊንጋርሙ (የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ) ላይ ያለውን የካቴና ፕላስቲክም እይ፤ ከተበላ ቁልቁለት ላይ የላላው መስመር ብረቱን ይመታል።

ባለቶርኖ_ኮምቦልቻ

ባለ ጎማ ፒኞን ከገባ በኋላ አስተጣጠቡ ይለወጣል። ቤንዚን ጎማውን ያብጠዋል፣ የካቴናውን ኦሪንጎችም (ቅባቱን ውስጥ የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች) ይገድላል። ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቅ። 80ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ከጉዞ በኋላ ካቴናው ሲሞቅ በውስጠኛው በኩል ቀባና ትርፉን ጥረግ። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፣ የባቲ መንገድ ላይ በአንድ ቀን የአሸዋ ወረቀት ይሆናል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ነጻ ነው ተብሎ አይቀባም፣ ውስጡ የብረት ብናኝና አሲድ አለ።

ገንዘብ ከተረፈህ ስኮትኦይለር የሚባለው ራሱ የሚያንጠባጥብ ነገር ጥሩ ነው፤ በሞተሩ የአየር መሳብ ይከፈታል፣ በደቂቃ አንድ ጠብታ ያህል ይጥላል። ግን ደሴ ብርድ ላይ አስተካክለህ ባቲ ስትወርድ ዘይቱ ይቀጥንና ጎማህን ይቀባዋል። ሲሞቅ ዝጋ ዝጋ ማድረግ አለብህ።

ሐረጎ_ወራጅ

ካቴናው ላይ ያለው መጋጠሚያ ባለ ቅንጥብ ነው። ይህ ችግር አለው?

ጦሳ_ጥግ

ለዚህ ኃይል የተጨመቀ ሪቬት ይመረጣል። ቅንጥቡ እስኪቀየር ድረስ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። አሁኑኑ ሄደህ እይ፣ ደግሞ ከመንዳትህ በፊት ያን 12 ሚሊ ሜትር ወደ 25 አላላው፤ ፒኞኑ እስኪመጣ ፉጨቱ ከፊሉ በዚያ ብቻ ይወርዳል። ስታላላ ስዊንጋርሙ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አትመን፣ ከስዊንጋርሙ መዞሪያ መሐል እስከ ፔርኖው መሐል በሁለቱም ጎን በሜትር ለካ። ልዩነት ካለ ካቴናው ወደ ጎን ይጎተታል፣ የአዲሱን ፒኞን ጎማ በአንድ ወገን ይልጠዋል።