የውጭ ዜጎችና ሰነድ የሌላቸው ሰዎች ሲያዙ፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ በዝቶብናል። ለፖሊስ ጣቢያና ለፍርድ ቤት የሚሰጥ ወረቀት ከሦስት ገጽ ካለፈ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን ላጥብበው። በመተማ ገብቶ አዘዞ ላይ የተያዘ ሱዳናዊ፣ ከዳባቱ አለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ የመጣ ኤርትራዊ ስደተኛ፣ ቪዛው ያለፈበት፣ ጭራሽ ወረቀት የሌለው፤ እነዚህ ሰዎች ጎንደር ውስጥ ሲያዙ ሕገ መንግሥቱ እስከ ምን ድረስ ይሸፍናቸዋል? «ሰነድ የሌላቸው» የሚለው ከርዕሱ ይውጣ የተባለውን መጀመሪያ እንቋጨው።

የቀድሞ ዓቃቤ ሕግ፦ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለ ሰነድ ገብቶ መቆየት የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995ን መጣስ ነው። «መብት አላቸው» ብለን ጣቢያ ስንሄድ «ሕገ ወጥ ስደትን ልታበረታቱ ነው?» ይሉንና ስለ ሕጋዊ ስደተኞች ያልነውም አብሮ ይወድቃል።

የሕግ መምህር፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት አንቀጽ በአንቀጽ እንየው። የአካል ደኅንነትና ነፃነት (14 እና 17)፣ ኢሰብዓዊ አያያዝ መከልከሉ (18)፣ የተያዘ ሰው መብት (19)፣ የተከሰሰ ሰው መብት (20)፣ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው (21)፣ እኩልነት (25)፣ ፍትሕ ማግኘት (37)፤ እነዚህ ሁሉ ዜግነት አይጠይቁም። መምረጥና መመረጥ (38)፣ የግል ንብረት (40)፣ በኢኮኖሚ እንቅስቃሴ መሰማራትና በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጥ ማኅበራዊ አገልግሎት እኩል መጠቀም (41) ደግሞ ለኢትዮጵያዊ የተሰጡ ናቸው። መሀል ላይ ያለው አንቀጽ 32 ነው፤ መዘዋወርንና መኖሪያ መምረጥን ለኢትዮጵያዊና በሕጋዊ መንገድ ለሚገኝ የውጭ ዜጋ ይሰጣል። እንግዲህ አርቃቂዎቹ ሕጋዊ ሆኖ መገኘትን መስፈርት ማድረግ ሲፈልጉ 32 ላይ ጽፈውታል፤ 19 ላይ አልጻፉትም። ወረቀት የሌለው ሰው «እዚሁ ልኑር» ብሎ 32ን ሊጠቅስ አይችልም። «በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡኝ» ማለት ግን ይችላል። አስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅ እንኳ 18 እና 25 በአንቀጽ 93(4)(ሐ) ከሚታገዱት ውጭ ናቸው።

ወጣት አባል፦ የአሜሪካውንም እንጨምር? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. በፕላይለርና ዶ መዝገብ፣ ቴክሳስ ሰነድ የሌላቸውን ልጆች ከነፃ የመንግሥት ትምህርት መከልከል አትችልም ብሏል።

የሕግ መምህር፦ ለሥልጠና ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ይጎዳናል። ያ ውሳኔ የቆመው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ የሕግ እኩል ጥበቃን ለማንኛውም ሰው ስለሚሰጥ ነው። የእኛው 41(3) በግልጽ ዜጋን ስለሚጠቅስ «የእናንተስ ምን ይላል?» ሲሉን መልስ እናጣለን። ይቅር።

ጠበቃ፦ ወደ 48 ሰዓቱ ልግባ፤ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። 19(3) ለጉዞ አግባብ ያለውን ጊዜ አይቆጥርም። መተማ ዮሐንስ የተያዘ ሰው «ወደ ጎንደር እያመጣነው ነው» ተብሎ ቀናት ሊያልፉት ይችላሉ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 29 ግን በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው የሚለው፤ መተማ ላለ ሰው ቅርቡ ጎንደር አይደለም። ረቂቁ ቁጥር 29ን በስሙ ይጥራ።

ከታሳሪው ጋር የምንሞላው ቅጽ ላይ የተያዘበት ሰዓት ሲሞላ «ቀን/ሌሊት» እና «በኢትዮጵያ/በውጭ አቆጣጠር» የሚሉ ሳጥኖች ይኑሩት። ሱዳናዊው «ሦስት ሰዓት ላይ ያዙኝ» ሲል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው እንዳለ ከጻፈው ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ችሎት ላይ ከጣቢያው መዝገብ ጋር ሲጋጭ አቤቱታው በሙሉ ይጠረጠራል።

የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራ እስኪጨርስ የሚጠይቀው ተጨማሪ የእስር ጊዜ) በዚያው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። «ማንነቱን እያጣራን ነው» ሲባል ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ወይም ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የተጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ ይጠየቅ። ደብዳቤ ከሌለ ሁለተኛውን ቀጠሮ መቃወሚያ አገኘን ማለት ነው። ዋስትና ላይ ደግሞ ደመወዝተኛ የሰው ዋስ ከውጭ ዜጋ መጠየቅ ዋስትናውን እንደ መከልከል ነው፤ በገንዘብ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይጠየቅ።

የቀድሞ ዓቃቤ ሕግ፦ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታስ (ያለ አግባብ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት)? የወረዳ ፍርድ ቤት «የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ ሥልጣን የለኝም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ጠበቃ፦ ልክ ነዎት፤ ለዚህ ነው ወረዳ ላይ የማንጀምረው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃን፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛን ሥልጣን በውክልና ይይዛሉ። የትኛው እንደሆነ ሬጅስትራሩን ጠይቀን አንቀጹን ከአቤቱታው አናት ላይ እንጽፋለን። ቃለ መሐላው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 177 መሠረት የያዘውን ሰው ወይም ኃላፊ ስም፣ የተያዘበትን ቦታና ሁኔታ፣ ምስክር ካለ ስሙን ይይዛል። ይህ ከጎደለ ይመለሳል፤ በመመላለስ የሚጠፋው ቀን የታሳሪው ነው።

የትርጉም ንዑስ ኮሚቴ፦ 19(1) የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። ከክስ በኋላ ግን 20(7) ተርጓሚውን በመንግሥት ወጪ አድርጎታል። ጣቢያ ላይ ያለው ክፍተት የእኛ ሥራ ነው። አራት የዓረብኛ፣ ሁለት የትግርኛ ተርጓሚ እናቀርባለን። ከሱዳን የሚመጣ ሁሉ ዓረብኛ አቀላጥፎ አይናገርም፤ መጀመሪያ ቋንቋውን መጠየቅ ነው። አብሮ የታሰረ ሰው ወይም የያዘው ፖሊስ እንዳይተረጉም በግልጽ ይጻፍ፤ ቃሉ በኋላ ውድቅ የሚደረገው በዚያ ነው።

ሌላም አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ለቆንስላ የሚነገረው የተያዘው ሰው ሲጠይቅ ነው። ጥገኝነት ለሚፈልግ ሰው ለኤምባሲው መደወል ቤተሰቡን አደጋ ላይ መጣል ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠየቅ ማንም እንዳይደውል።

የቀድሞ ዓቃቤ ሕግ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር እስማማለሁ፦ «ይህ ሐሳብ የመቆየት ፈቃድ የመስጠት ወይም ከአገር የማስወጣት ሥልጣንን አይነካም።» መግቢያው ላይ፣ በደማቁ። ከዚያ ርዕሱ እንዳለ ይቆይ።

ጸሐፊ፦ ገባ። ስለ ልጆች የልደት ምዝገባ ያለው ክፍል ራሱን የቻለ አባሪ ይሁን፤ በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ስደተኞችም ስለሚመዘገቡ ልደትን በዘጠና ቀን ውስጥ የማስመዝገቡ ገደብ ለእነሱም ይነገር። ምዝገባው ዜግነት እንደማይሰጥ አብሮ ይጻፍ፤ ወላጆች በከንቱ ተስፋ አያድርጉ።

ጠበቃ፦ የቅጹ ቅጂ የት ይቀመጥ? የሁሉም ስም በአንድ መዝገብ ከተጠራቀመ ሰነድ የሌላቸው ሰዎች ዝርዝር በእጃችን አዘጋጀን ማለት ነው። እኔ የምለው በቅጹ ላይ ኮድ ብቻ፣ ስሙ በታሸገ ፖስታ ከያዘው ጠበቃ ጋር፣ የትውልድ መንደር የሚል ረድፍ ጭራሽ ይሰረዝ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።