ስለ እግር መደንዘዝ በስልክ ፊልም ልንሰራ ነው፣ የማይታይ ነገር እንዴት ይቀረጻል?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እናቴ ስኳር ካለባት 11 አመቷ ነው። አምና ሐምሌ፣ ያው የኛን ሀገር የክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ቡና እያፈላች እግሯን ከሰሉ ጋ አስጠግታ ተቀምጣ እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ የተቃጠለ ላስቲክ አይነት ሸተተኝና ስወጣ ካልሲዋ ቀልጦ አውራ ጣቷ ላይ ተጣብቋል፣ እሷ ግን ሲኒ እያለቃለቀች ነው፣ ምንም አልተሰማትም። ቁስሉ እስኪድን 4 ወር ፈጀ። ሐኪሙ ስኳሩ የእግሯን ነርቭ ጎድቶታል አለን። ከዛ በፊት ለ2 አመት "ጉንዳን ይሄድብኛል"፣ "ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል" ስትል ሁላችንም ብርድ ነው ነበር የምንላት፣ እሳት ሙቂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሱ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 5 ደቂቃ ፊልም ሰርተን ለስኳር ቀን ኅዳር 5 እድር ላይ ልናሳይ፣ በቴሌግራምም ልንለቅ ነው። ያለን ስልክ ብቻ ነው። ቁስል ይታያል፣ አለመሰማት ግን እንዴት ይታያል? እማዬ ደግሞ እግሬን ቅረጹ ፊቴን ግን አይሆንም ብላለች።

ሲስተር፣ ሸዋ ሮቢት፦
እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። ቤት ውስጥ የሚሰራ ምርመራ አለ፣ እሱን ቅረጹት። ሰውየው ዐይኑን ይጨፍን፣ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መሃል ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን፣ ባጠቃላይ 6 ቦታ፣ በሌባ ጣታችሁ ቀለል አድርጋችሁ 1 ወይ 2 ሰከንድ ንኩ፣ ሳትጫኑ ሳታሻሹ፣ ሲሰማው "ነካኝ" ይበል። ሁለትና ከዛ በላይ ካልተሰማው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ቁስል እስኪወጣ አይጠብቅ። መደንዘዙ ከእግር የሚጀምረው ረጅሙ ነርቭ እግር ጣት ድረስ የሚወርደው ስለሆነ ነው፣ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው፣ ከዛ ልክ እንደ ካልሲ ሁለቱም እግር ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ስኳር ብቻ እንዳይመስላቸው ደግሞ፣ ለአመታት አረቄ የጠጣ ሰው፣ ቫይታሚን ቢ12 ያነሰው፣ ሥጋ ደዌ ያለበት፣ የቲቢውን መድኃኒት አይሶናያዚድን የሚወስድም ይይዘዋል፣ ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለዛ ነው። እግር በየማታው በመስታወት ይታይ፣ የውሃ ሙቀት በክርን ይለካ፣ ጫማ ከመደረጉ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰስ። እነዚህን በቃል ከምትናገሩ እናትህ ስታደርጋቸው አሳዩ።

ካሜራማን፣ ጣርማ በር፦
ሰርግ ነው የምቀርጸው፣ እዚህ ንፋሱ ድምጽ ይበላል እና ከልምዴ ልንገርህ። ሁለተኛ ስልክ ድምጽ መቅጃውን ከፍተህ ነጠላዋ ስር ደረቷ ላይ አድርገው፣ ስትጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ፣ ኤዲት ላይ ምስሉንና ድምጹን በጭብጨባው ታገጣጥማለህ። ስልኩን አጋድመህ ያዝ፣ ጠዋት በር ላይ ቀርጽ፣ ብርሃኑ ከጎን ይግባ። ላነሳኸው ጥያቄ ደግሞ እኔ ብሆን ድምጽ ነው የምጠቀመው፣ ቤቱ ውስጥ የረከቦት፣ የሲኒ፣ የከሰል ድምጽ ሁሉ ይሰማ፣ እግሯ በተነካ ቁጥር ግን ጭጭ አድርገው፣ ምንም። ተመልካቹ ራሱ የሆነ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል። የሚያስለቅስ ሙዚቃ ባትጨምር ደስ ይለኛል። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ብለህ ሳይሆን ፋይል ብለህ ላከው፣ ጥራቱ እንዳይወርድ።

አባል፣ እነዋሪ፦
እኛ ጋ ጓያ የሰበረው ሰው አለ፣ እሱም ፊልሙ ውስጥ ቢገባ አይሻልም?

ሲስተር፣ ሸዋ ሮቢት፦
እሱ ሌላ ነው ወንድሜ፣ ባይቀላቀል ይሻላል። ጓያ የሚጎዳው ህብለ ሰረሰርን ነው፣ እግር ይገተራል ይዝላል እንጂ ስሜት አይጠፋም። ራሱን የቻለ ፊልም ይገባዋል።

ታማሚ፣ መሀል ሜዳ፦
እኔ 6 አመቴ ነው ከዚህ ነገር ጋር። እባካችሁ መደንዘዙን ብቻ አታሳዩ፣ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ጋቢ ጣቴን ሲነካኝ ሚስማር ነው የሚሆንብኝ፣ በዚህ ብርድ እግሬን አውጥቼ ነው የማድረው። ሰው ደንዝዟል ስትለው እንዴት ያምሃል ይልሃል፣ ሁለቱም አንድ እግር ላይ አለ። ለህመሙ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፣ እኔን አሚትሪፕቲሊን ትንሽ አስተኝቶኛል። ሌላው፣ ጠበል የሚሄደውን ሰው እንዳትነኩት፣ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥና በባዶ እግሩ ሳይሄድ ይጠመቅ በሉ፣ ያኔ ይሰማችኋል።

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ በሲስተር መንገድ ሞከርናት። ዐይኗን ጨፍና 4ቱን ጣት ነክቼ ጨርሻለሁ፣ እሷ "በል ጀምር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ። ስልኩ እየቀረጸ ነበር። ፊልሙ በዛ ይጀምራል፣ ድምጹንም እንዳልከኝ አጠፋዋለሁ። የጋቢውን ነገር ደግሞ ጠየቅኳት፣ እሷም እንደዛው ነው፣ ነግራን አታውቅም። አሁን የቀረን ማሳያ ነው፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ፕሮጀክተር ለአንድ እሁድ የሚያውሰን ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አንሶላ እኛ አለን።