ፍላግፖልን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ግቢ ያለው የባንዲራ እንጨት ከሥሩ በስብሶ ዘሟል። በብረት እንዲቀየር ደብዳቤ ጻፊ ተባልኩ። «የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ» ብዬ ስጽፍ አለቃዬ «ሰንደቅ ራሱ ምሰሶ ነው፣ አንዱን ነገር ሁለቴ ጻፍሽው» ብለው በቀይ ሰረዙት። እውነት ነው? ደብዳቤው ነገ ይወጣል፣ ድረሱልኝ።

የቃል ሰው፦ አለቃሽ አልተሳሳቱም። ሰንደቅ ዘንጉ ነው፣ ዓላማ ደግሞ ምልክቱ፣ ማለትም ጨርቁ። ዛሬ ግን ማን ይለያቸዋል? ሕገ መንግሥቱ ራሱ አንቀጽ 3 ላይ ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሀል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ነው ሲል ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ እንጨቱ አያወራም። ስለዚህ ምሰሶ ማለትሽ አያስወቅስም። «ሰንደቅ ይቀየርልን» ብቻ ብትዪ ግዢ ክፍል ጨርቅ ገዝቶልሽ ይመጣል። በእጅ ለሚያዘው ግን ዘንግ በዪ።

ረጅሙ፦ እኛ ሰፈር ባንዲራ መስቀያ ነው፣ አለቀ። ባንዲራ የጣሊያን ቃል ነው ብለው የሚቆጡ አሉ፤ እነሱም ኳስ ሲኖር «ባንዲራችን!» እያሉ ነው የሚጮሁት። ተማሪ ሆነን ያረፈደ ሁሉ የሚንበረከከው ባንዲራ መስቀያው ሥር ነበር። ክፍል ውስጥ ቁመቱ የተመዘዘ ልጅ ካለ ደግሞ ቅጽል ስሙ ያው ነው፣ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ብየዳ ቤት፦ እህቴ፣ «ምሰሶ» ብቻ ብለሽ እንዳትልኪ። የአጥር ይሁን የመብራት በምን እናውቃለን? «የባንዲራ» ካልሽ ጫፉ ላይ ገመዱ የሚሽከረከርባት ትንሽ ጎማ እንደምትፈልጊ ይገባናል። ባለፈው አንዱ ደንበኛ ሳይነግረን ባዶ ቱቦ ይዞ ሄደና ገመዱን በቀለበት አሠረው። ገና በመጀመሪያው ጠዋት ገመዱ ተነክሶ ባንዲራው ግማሽ ላይ ቀረ፤ መንገደኛው ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ሲጠይቅ ዋለ።

ጀማሪዋ፦ ሳቄን አልቻልኩም። «የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ የብረት ምሰሶ፣ ከነገመዱና ከነጎማው» ብዬ አስገባሁ። አለቃዬ ሁለቴ አንብበው ዝም ብለው ፈረሙ። ቁመቱ ስንት ሜትር ይሁን?

ብየዳ ቤት፦ ሕንፃችሁ ፎቅ ነው ወይስ ምድር ቤት ብቻ? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።