የማውንቴን ባይክ ውድድር መመዝገቢያ ለምንድነው እንዲህ የሚወደደው?

ፍሬን አልባ | ፒያሳ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅና የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ስድብ ግን ይቅርብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሌን ይዤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮሜዳ እየወጣሁ፣ እየወጣሁ ስል እየገፋሁ ማለቴ ነው፣ ኤምባሲውን ካለፍክ በኋላ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አንድ ጀለሴ አስቆመኝና በስልኩ የውድድር ፖስተር አሳየኝ። ማውንቴን ባይክ፣ 40 ኪሎ ሜትር፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ለጫካ። ደስ ብሎኝ ልሞት። ከዛ ወደታች ሳወርደው መመዝገቢያ 3,800 ብር ይላል። 380 መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት።

አረ ጎበዝ! ሳይክሉ የኔ፣ እግሩ የኔ፣ ላቡ የኔ፣ ጫካው የመንግስት። የምከፍለው ለምኑ ነው? ታላቁ ሩጫ ላይ ከዚህ በጣም ባነሰ ብር ቲሸርት ለብሰህ፣ ውሃ ተረጭተህ፣ ስትጨፍር ትውላለህ። እኔ ደሞዜን ስትሰሙ ታለቅሳላችሁ፣ ገና ኋላ ጎማዬን አልቀየርኩም። የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ፣ ዝም ብሎ ብልጠት ከሆነም ንገሩኝና ልረፈው።

ሜክሲኮ ዙሪያ | ሜክሲኮ

ብልጠት ነው ብሮ፣ ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል። እኔ አምና አንዱ ላይ ከፍዬ ገባሁ፣ የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። በመጀመሪያ ቲሸርቱ የወንድሜን ልጅ የሚያክል ነበር፣ ትልቅ ቁጥር አልቋል አሉኝ፣ እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ከዛ 20 ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ሁለት ሆነ፣ ቀስት የለ፣ ሰው የለ፣ ምልክት የለ። ስድስት ሆነን በግራ ሄድን፣ ቀጥ ብለን የአንድ ሰውዬ ግቢ ገባን። ሰውዬው ውሻውን ያዘልን፣ ጠላ በጣሳ ሰጠን፣ መንገዱንም እሱ አሳየን። 3,500 ከከፈልኩት ድርጅት ይልቅ ምንም ያልከፈልኩት ገበሬ ነው ያስተናገደኝ። ስንመለስ ሜዳልያ አልቋል፣ ሙዝ አልቋል፣ ሰዓት የሚይዙት ልጆች እቃቸውን ጠቅልለው መኪና ላይ እየጫኑ ነው። ገንዘቤን መልሱ ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ ጨርሰሃል እኮ።

ቴፕ ቋጣሪዋ | ቀበና

የጠላው ነገር አስቆኛል 😂 ፍሬን አልባ ወንድሜ ጥያቄህ ልክ ነው፣ እኔም እንዳንተ ስሳደብ ነበር፣ ከዛ አንድ ጓደኛዬ ነይና አግዢን ብሎኝ ሁለት ውድድር ላይ ሰራሁ፣ አሁን ስድቤ ቀንሷል፣ አልጠፋም ግን።

በመጀመሪያ ከታላቁ ሩጫ ጋር አታወዳድረው። እሱ ከ1994 ጀምሮ ያለ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚወጣበት፣ ስፖንሰር የሚሻማበት 10 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። የአንድ አምቡላንስ ወጪ ለስንት ሺህ ሰው እንደሚካፈል አስበው። ጫካ ውስጥ ያለው መንገድ ግን የሚያሳልፈው አንድ ሳይክል ነው፣ 500 ሰው ብትለቅበት የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሁሉም ወርዶ እየገፋ ቀብር የሚሸኝ ነው የሚመስለው። ስለዚህ 120 ሰው፣ ቢበዛ 150 ነው የሚመዘገበው። ለ120 ሰው ደግሞ ሩብ አምቡላንስ የሚያከራይ የለም፣ ሙሉውን ነው የምትከፍለው።

ያንን አልፈን ቴፑ ጋ እንምጣ፣ ስሜም ከዛ ነው የመጣው። ከዋዜማው ጠዋት ጀምረን ነው የምናስረው፣ ባህር ዛፍ ለባህር ዛፍ፣ መታጠፊያው ላይ ሁለት፣ ታጥፈህ ትንሽ እንደሄድክ ደግሞ ልክ ነህ ቀጥል የሚልህ አንድ። ሳይክል ላይ ተቀምጠህ ቴፕ አይታሰርም፣ 40 ኪሎ ሜትሩን ተከፋፍለን በእግራችን ነው። አመሻሽ ላይ ጨርሰን ስንወርድ አንዲት ቀይ ላም ቴፑን ስታላምጥ አገኘናት፣ ግማሹ አፏ ውስጥ ነው ግማሹ ዛፉ ላይ፣ ዝም ብላ ታየናለች። ልጆችም ይወስዱታል፣ የጨርቅ ኳስ ያስሩበታል፣ ምን ትላቸዋለህ ሰፈሩ የነሱ ነው። ስለዚህ በነጋታው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሞተር ሳይክል ተከራይቶ መንገዱን ዳር እስከ ዳር የሚያይ ሰው የግድ ነው፣ ያ ሰው ካልሄደ ሜክሲኮ ዙሪያ እንዳለው ሰው ግቢ ትገባለህ። የሱን ውድድር ያዘጋጁት ይቺን ብር ነው የበሉት መሰለኝ።

በየመገናኛው የሚቆም ሰውም አለ። መንገዱን ሊያሳይህ ብቻ እንዳይመስልህ። በዛው መንገድ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፣ ሸክሙ አጉብጧቸው ፊታቸውን አያዩም፣ አንተ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የለህም (ስምህ ነው ያስባለኝ)። አንድ ሰው ከላይ ፊሽካ ነፍቶ አንዱን ማስቆም አለበት፣ የሚቆመው ደግሞ አንተ ነህ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ለነዚህ ልጆች ምሳ፣ ትራንስፖርት፣ አበል ተብሎ ሲደመር ከሁሉም ወጪ የሚከብደው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ቁልቁለት ላይ እጁን ቀድሞ ወደቀ፣ እጁ የማይታጠፍበት ቦታ ላይ ታጥፏል። አምቡላንሱ መጣ፣ ጥርጊያው ሲያልቅ ቆመ፣ ከዛ በኋላ መኪና አይገባም። በቃሬዛ አራት ሆነው እየተቀያየሩ ተሸከሙት፣ 50 ደቂቃ ፈጀ። ልጁ መንገዱን ሙሉ ሳይክሌን ማን ያዘው እያለ ነው የሚጮኸው፣ ሳይክሉንም እኔ ከኋላ ተሸክሜለታለሁ፣ ጥቁር ካቴናው ነጠላዬን አበላሽቶት እስካሁን አልለቀቀም። ያን ቀን ነው ብራችን የት ይገባል ማለት ያቆምኩት።

ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ከ100 ዘለለ አይደል፣ ቁጥሩ ላይ የሚለጠፈው የሰዓት መያዣ ቺፕ፣ ሜዳልያው፣ ምኑ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ፍሬን አልባ | ፒያሳ

እህቴ ተባረኪ፣ የላሟ ነገር ገድሎኛል። አምቡላንሱ ገባኝ፣ ሰዎቹም ገቡኝ። ግን ቲሸርትና ሜዳልያ ማን ለመናቸው? እኔ ቤት ከየቦታው የተሰበሰበ ቲሸርት እናቴ ወለል እየወለወለችበት ነው። ያንን አውጥተው ዋጋውን አይቀንሱም?

ቴፕ ቋጣሪዋ | ቀበና

እሱን እኔም ብያቸው አልሰሙኝም። ስፖንሰሩ ደረትህ ላይ ስሙ ካልተጻፈ ብር አይሰጥም ይሉሃል፣ ቲሸርቱ ላንተ ሳይሆን ለሱ ነው የሚታተመው። ብር የማይመልሱትም ለዚሁ ነው፣ አንተ ስትቀር ቲሸርትህ ከታተመ ምሳህ ከታዘዘ ሰንብቷል። ግን መቅረትህን ቀድመህ ካሳወቅክ ቁጥርህን ለጓደኛህ እንድታስተላልፍ መከልከላቸው አይገባኝም፣ እሱ ምንም አያስወጣቸውም።

ከዴንቨር የተመለሰው | ቦሌ

እኔ ስድስት ዓመት ኮሎራዶ ነበርኩ፣ እዛም ለቅሶው ይሄው ነው፣ በዶላር ይለቀሳል እንጂ። ሌድቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እንጦጦ በሏት፣ ብርዱ ይብሳል። ከተማዋን ያኖራት የነበረው የሞሊብዲነም ማዕድን በፈረንጅ 1982 ሲዘጋ ሰው ሁሉ ስራ ፈታ። ኬን ክሎበር የሚባል ማዕድን ቆፋሪ የነበረ ሰውዬ የ100 ማይል ሩጫ እናዘጋጅ አለ፣ 160 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ሰው ይሞታል አሉት። የሱ ስሌት ግን ቀላል ነው፣ ያን ያህል የሚሮጥ ሰው የግድ እዛው ያድራል፣ ያደረ ሰው አልጋ ይይዛል፣ ይበላል። 1983 ላይ ሩጫው ተጀመረ፣ 1994 ላይ ደግሞ በዛው ርቀት የማውንቴን ባይኩ ተጨመረ። ከ12 ሰዓት በታች የጨረሰ የቀበቶ ዘለበት ይሰጠዋል፣ ለዛች ዘለበት ሰው ዓመት ሙሉ ይለማመዳል። አሁን ብር ስላለህ ብቻ አትገባም፣ እጣ ነው የሚወጣው ወይ ሌላ ውድድር ላይ ማለፍ አለብህ።

ይሄን ያመጣሁት ለምንድነው፣ እዛ ውድድሩ ለከተማው እንጀራ ነው። እኛ ጋ ግን ጠዋት በሚኒባስ ሄደን ከሰዓት ተመልሰን ቦሌ ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ያ ውሻውን የያዘው ሰውዬ ምን አገኘ? እኔ 3,800 ብሩ ሳይሆን ከሱ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ስንት ደረሰ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ሙዙን ከነሱ ግዙ፣ ምሳውን እነሱ ይስሩት፣ ቴፑንም ራሳቸው ይጠብቁታል፣ ላሟንም ጭምር።

ደግሞ ውድ ነው ካላችሁ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ኤፒክን እዩ፣ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው 8 ቀን ይነዳሉ፣ በየማታው ድንኳን፣ ምግብ፣ ሐኪም፣ መካኒክ፣ ከተማ ሙሉ ተጭኖ ነው የሚዞረው። በመመዝገቢያው እዚህ ደህና ሳይክል ይገዛል።

ሜክሲኮ ዙሪያ | ሜክሲኮ

ዴንቨሩ እዛ በዶላር ይለቀስ፣ እኛ ለቅሷችን በብር ነው 😅 እሺ ወጪ አለ፣ አምኛለሁ። ታዲያ ወጪውን ለምን አይለጥፉትም? አምቡላንስ ይሄን ያህል፣ ፈቃድ ይሄን ያህል፣ ለኛ ይሄን ያህል ተረፈን ይበሉን። ዕድር እንኳን ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡን ያነባል። ትርፍ አታግኙ ያለ የለም፣ አሳዩን ነው ያልነው።

ጋሽ ማርሽ | ካዛንቺስ

ልጆች ደህና ናችሁ። እኔ ስልክ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፣ ልጄ ናት እየጻፈችልኝ ያለችው፣ ስህተት ካለ የሷ ነው። በኛ ጊዜ ለመመዝገቢያ ከኪስ ማውጣት አላውቅም፣ ክለብ ካለህ ክለብህ ይጨርሰዋል፣ ከሌለህ ዳር ቆመህ ታጨበጭባለህ። ብስክሌት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፣ በፈረንጅ 1956 ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ሜልቦርን ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፣ ገረመው ደንቦባን የማያውቅ ይጠይቅ።

አሁን የምለው፣ ለምን 40 ኪሎ ሜትር ጫካ ለጫካ? ኦሎምፒክ ላይ ከ1996 አትላንታ ጀምሮ ያለው የተራራ ብስክሌት እኮ ዙር ነው። ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ አበጅተው እየደጋገሙ ይዞሩታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው በቃ። 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቴፑ አንድ ጠዋት ያልቃል፣ ጠቋሚው ስምንት ሰው ይበቃል፣ ያው ሰው ሁሉንም ዙር ያያችኋል፣ አምቡላንሱ መሃል ይቆማል፣ ውሃው አንድ ቦታ ነው። ሰዓቱን ደብተርና እስክርቢቶ የያዘች ልጅ ትጽፈዋለች፣ ምን ቺፕ ያስፈልጋል። ተመልካችም ያያችኋል፣ ጫካ ውስጥ የሚያያችሁ ጦጣ ነው።

ሜክሲኮ ዙሪያ | ሜክሲኮ

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ቦታ ስምንት ጊዜ መዞር ይሰለቻል፣ እኔ ከከተማ ለመውጣት ነው የምከፍለው።

ቴፕ ቋጣሪዋ | ቀበና

ይኸው፣ በራስህ አፍ ተናገርከው። ዋጋውን የሰቀለው የምትፈልጉት መንገድ ርዝመት ነው። ጋሽ ማርሽ እጅ እነሳለሁ፣ ልጆትንም ሰላም በሉልኝ። እንዲህ ያለ ዙር እንጦጦ ጥግ ላይ ለ60 ሰው ብናዘጋጅ፣ ያለ ቲሸርት፣ ሜዳልያው ቀርቶ ለአንደኛ አንድ ከመነዳሪ ብንሸልም፣ ሂሳቡን ሰርቼዋለሁ፣ ፈቃዱንና አምቡላንሱን ጨምሮ በሰው ከ1,000 ብር ብዙም አይርቅም። ነጻ የሚያግዝ ሰው ከተገኘ ነው ታዲያ።

ፍሬን አልባ | ፒያሳ

የ3,800ውን ትቼዋለሁ፣ በሱ ጎማዬን እቀይራለሁ። የዙሩ ነገር ከምር ከሆነ ግን እኔ አግዛለሁ፣ ቴፕ ማሰርም ቢሆን፣ ላሟን መያዝም ቢሆን። ልወዳደር ብልም የፍሬን ሸራዬ አልቋል፣ ስሜን በከንቱ አላወጣሁትም። ፒያሳ ሁለት ቦታ ጠየቅኩ፣ ለዚህ ሞዴል የለም አሉኝ፣ ያለው ሰው ካለ በውስጥ ያናግረኝ።

ቴፕ ቋጣሪዋ | ቀበና

ከምር ነው። መንገዱን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሽሮሜዳ ታክሲ ተራ እንገናኝ፣ ሜክሲኮ ዙሪያም ና፣ አፍህን ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ሸራ እኔ ጋ አንድ ጥንድ አለ፣ ልክህ መሆኑን ስትመጣ እናየዋለን፣ እስከዛ ግን በናትህ ቁልቁለቱን እየገፋህ ውረድ።